ርካሽና ቀላል ሆኖ ኩርባ ላይ የሚያስደስት ሞተር የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዕድሜዬ 34፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው። የሞተር ኮርሱን ወስጄ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እስካሁን የምነዳው ባለ 300 ሲሲ ነው፤ አሁን ከፍ ማለት አማረኝ። ሥራ የምሄደው በመኪና ስለሆነ ሞተሩ ለቅዳሜና እሑድ ነው። በዓመት ሁለት ሦስቴ ደግሞ ሰሚት ፖይንት ትራክ ላይ መውጣት እፈልጋለሁ። የያዝኩት በጠቅላላ 5,000 ዶላር ነው። ሄልሜት፣ ጓንትና ጫማ አለኝ። ጓደኞቼ «ኋላ መቀየርህ ላይቀር፣ አንዴ ባለ 1000 ሲሲ ግዛና ተገላገል» ይሉኛል። አንዱ ያማሃ አር 6 ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ለጋራዥ የምከፍለው ብዙ ገንዘብ የለኝም፤ ቀላል ቀላሉን ሥራ ራሴ ብሠራ ደስ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁርጡን ልንገርህ። ከ2003 እስከ 2008 የተሠራ ሱዙኪ ኤስቪ 650 ፈልግ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። የፕላስቲክ ሽፋን የሌለውን፣ ኢንጅኑ በግልጽ የሚታየውን። ከ3,000 ዶላር ብዙ ሳትርቅ ደህና ታገኛለህ። የቀረውን ገንዘብ ምን ላይ እንደምታውለው እነግርሃለሁ፤ እንዲያውም ዋናው ነገር እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን የጓደኞችህን ምክር እንይ። እኔም በጊዜው ሰምቼው ነበር። ሰሚት ፖይንት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣሁት በባለ 1000 ሲሲ ነው። ዋናው ሰርኪዩት 2 ማይል ነው፤ 10 ኩርባዎች አሉት። ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ አለ። ቀጥታው ላይ ማንም አይደርስብኝም። ኩርባው ሲመጣ ግን ፍጥነቱ ስለሚያስፈራኝ ገና ከሩቅ ፍሬን እይዛለሁ። በየዙሩ አንድ ቀለሙ የለቀቀ ኤስቪ እዚያችው ቦታ ላይ እየደረሰ ያልፈኛል። ዕረፍት ላይ ሄጄ ሞተሩን አየሁት። ባለቤቱ የቀየረው የፊት አሞርዛተር ሞላ፣ የፍሬን ሸራና ጎማ ብቻ ነበር። ሰውየው የሞተሩን ጉልበት አሟጦ ይጠቀምበታል። እኔ ከያዝኩት ጉልበት ሲሶውን እንኳ አልነካሁም። ቀኑን ሙሉ ፈርቼ ነዳሁ፤ ፈርቶ የሚነዳ ሰው ደግሞ ምንም አይማርም።

አር 6 ድንቅ ሞተር ነው። ነገር ግን 599 ሲሲው በአራት ሲሊንደር የተከፈለ ስለሆነ ጉልበቱ ያለው ላይ ነው። ኢንጅኑን በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ካላስጮህከው ምኑም አይገባህም። መንገድ ላይ እንዲህ እየጮህክ የት ትሄዳለህ? ኢንሹራንሱም ሌላ ጣጣ ነው። ጓደኛህን «አመሰግናለሁ፣ ይለፈኝ» በለው።

ኤስቪ ሌላ ጠባይ አለው። 645 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ 70 ፈረስ ጉልበት ገደማ። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ90 ዲግሪ ተከፍተው ስለተቀመጡ አንዱ የሌላውን ንዝረት ያጠፋለታል። ከ4,000 ዙር ጀምሮ ይስባል። ከኩርባ ስትወጣ ማርሽ ተሳስተህ አንድ ከፍ ብትል እንኳ አይሞትብህም፤ ይዞህ ይወጣል። እኔ ሞተር የለመድኩት ደሴ ነው፣ በያማሃ ዲቲ። ጣርማ በርን በዲቲ የወጣ ሰው ከታች የሚስብ ኢንጅን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ኤስቪ ላይ ስቀመጥ ያ ስሜት ነው የሚመጣልኝ፣ ያውም በብዙ እጥፍ ጉልበት።

የመጀመሪያው ኤስቪ የወጣው በ1999 ነው፤ እሱ ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል የድሮ ዕቃ) አለው። ከ2003 ጀምሮ በኢንጄክሽን ሆነ፤ ነዳጁ በኤሌክትሮኒክ ተለክቶ ይረጫል። አንተ ሥራውን ራሴ እሠራለሁ ስላልክ ኢንጄክሽኑን እመርጥልሃለሁ፤ ክረምቱን ቆሞ የከረመ ካርቡራተር ማጽዳት ትዕግሥት ይፈልጋል። ከ2007 ወዲህ ያለው በየሲሊንደሩ ሁለት ሁለት ካንዴላ አለው። ለውጡ ትንሽ ነው፤ ለሱ ብለህ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጣ።

ሌሎቹንም ልንካቸው። ያማሃ ኤምቲ 07 (አሜሪካ ውስጥ እስከ 2017 ኤፍዜድ 07 ይባል ነበር) 689 ሲሲ ነው፣ ቀለል ይላል፣ ከኤስቪም ትንሽ ይፈነድቃል። 7,000 ዶላር ቢኖርህ እሱን እልህ ነበር። ባንተ በጀት ግን ሞተሩን ገዝተህ እጅህን አጣጥፈህ ትቀመጣለህ። ካዋሳኪ ኒንጃ 650 ለረጅም መንገድ ይመቻል፣ ኩርባ ላይ ግን ለስለስ ይላል። ንጹሕና ርካሽ ካገኘህ እምቢ አትበል።

አሁን ሻጩ ዘንድ ስትሄድ ምን እንደምታይ ልንገርህ። ከመድረስህ በፊት ደውለህ «ኢንጅኑን እንዳታስነሳው» በለው። ስትደርስ ኢንጅኑን በእጅህ ንካ። ሞቆ ከጠበቀህ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል። በብርድ በአንድ ጭረት መነሣት አለበት።

ከዚያ መሪውን ወደ ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረህ፣ መሪው የሚገታበትን ብረት እይ። ሞተሩ በኃይል ወድቆ ከነበረ እዚያ ላይ መመታት ወይም መጣመም ታያለህ። ፕላስቲክና መስታወት ይቀየራል፤ ያንን ግን ማንም አይቀይረውም። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተህ መሪውን ቀስ ብለህ ስታዞር መሃል ላይ «ቀጭ» ብሎ የሚይዝ ነገር ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ይህ በሽታ ባይገድልም ዋጋ ለመቀነሻ ይሆንሃል።

20 ዶላር የማትሞላ የኤሌክትሪክ መለኪያ ይዘህ ሂድ። ኢንጅኑን አስነሥተህ ወደ 5,000 ዙር አድርሰው። ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 15 ቮልት ካላሳየህ፣ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ዕቃ ደክሟል ማለት ነው። በነዚህ ዓመታት ኤስቪ ላይ የታወቀ ድካም ነው፤ መቀየሩ ግን ቀላል ነው።

አንድ ሌላ የኤስቪ ጠባይ አለ፤ እሱን የማያውቅ ሰው ለጋራዥ በከንቱ ይከፍላል። በዝናብ ስትነዳ ሞተሩ ድንገት በአንድ ሲሊንደር ብቻ መሄድ ይጀምራል፣ እየተንገጫገጨ። ችግሩ የፊተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ነው። ልክ ከፊት ጎማው ኋላ ስለሆነ ውሃው ይረጭበታል። ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውሃ የሚያወጣበት ትንሽ ቀዳዳ በሲሊንደሩ ጎን አለው። ቀዳዳው በጭቃ ሲደፈን ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል። ቀጭን ሽቦ አስገብተህ እስኪያልፍ ድረስ አጽዳው። እኔ በየጸደዩ አደርገዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሽቦው ሲያልፍ የሚወርደውን ቡናማ ጭቃ ስታይ ታምነኛለህ።

ጎማውን ደግሞ አደራህን። በጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ መሸጫ የገዛሁት ሞተር ጎማው አዲስ ይመስል ነበር፤ ጥርሱ ሙሉ ነው። ቁጥሩን አላየሁም። አንድ ብርዳም ማለዳ ወደ ሃይዌይ መግቢያው ስታጠፍ የኋላው ሙልጭ አለ። በግራ እግሬ መሬት ደግፌ በተአምር ተረፍኩ። ቤት ገብቼ ቁጥሩን ሳየው ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጎማ ቆሞም ያረጃል፣ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ስለዚህ ሻጩ ምንም ቢልህ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነ የአዲስ ጎማ ሒሳብ ከዋጋው ላይ ቀንስ። ታይትሉንም (የባለቤትነት ወረቀቱን) በዓይንህ ሳታይ፣ የሻሲ ቁጥሩንም ሳታመሳክር ገንዘብ አትስጥ።

ሞተሩን በ3,000 ገዛህ እንበል። 2,000 ቀረህ። ወደ 400 የሚሆነው ለሁለት ጥሩ የስፖርት ጎማ ከነማስገጠሚያው ይሄዳል። የፊት ጎማው መጠን 120/60 ነው፣ የኋላው 160/60። ሻጭ ፊቱን 120/70 ቢገጥምልህም ይሠራል፤ ብቻ መሪው ትንሽ ይከብዳል።

ቀጥሎ የፊት አሞርዛተር። የኤስቪ ትልቁ ድክመት እዚህ ነው። ፋብሪካው ያስገባው ሞላ ቀጭን ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። አንተ 84 ኪሎ ነህ፤ በቆዳ ልብስና በሄልሜት 95 ትጠጋለህ። አንድ ፈተና ላሳይህ። ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በአሞርዛተሩ አብረቅራቂ ዘንግ ላይ ሳታጠብቅ እሰርና ወደ ታች ገፋ አድርገው። ባዶ መንገድ ላይ ነድተህ ጠንከር ያለ ፍሬን ያዝ። ስትወርድ ማሰሪያው ዘንጉ የቱ ድረስ እንደገባ ይነግርሃል። በፋብሪካው ሞላ ከሆነ መጨረሻው ሊደርስ ምንም አይቀረው። መጨረሻው ላይ የደረሰ አሞርዛተር ኩርባ ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ ሲያገኝ የሚዋጥበት ቦታ የለውም፤ ጎማው ይዘላል። ላንተ 0.9 ኪሎ በሚሊሜትር ገደማ የሆነ ሞላ ይበቃሃል። ሞላውና ዘይቱ 150 ዶላር አካባቢ ነው። ከሰዓት በኋላ ከጓደኛህ ጋር ሆነህ ትጨርሰዋለህ፤ ያ አር 6 ያለው ጓደኛህ ይርዳህ።

የፍሬን ሸራና አዲስ የፍሬን ዘይት ሌላ 150 ይፈጃል። ያገለገለ ግን ያልወደቀ የቆዳ ልብስ እስከ 700 ታገኛለህ። ሁለት ቁራጭ ከሆነ ወገቡ ላይ ዙሪያውን በዚፕ የሚያያዝ ይሁን፤ አለበለዚያ ትራክ አያስገቡህም። የጀርባ መከላከያም አይቅር። የትራክ ቀኑ ራሱ ከ200 እስከ 300 ዶላር ነው። ደምረው፣ ይበቃሃል። የጭስ ማውጫ ልቀይር፣ ድምፁን ላሳምር ካልክ ግን አይበቃህም። ድምፁ ይቆይ።

ለትራኩ ጀማሪ ምድብ ውስጥ ተመዝገብ። ሁለት ዓመት ነድቻለሁ ብለህ መካከለኛው ውስጥ አትግባ። ጀማሪዎቹ አሰልጣኝ ይመደብላቸዋል፣ ማለፍ የሚፈቀድባቸውም ቦታ የተወሰነ ነው። በሰዓት 20 ደቂቃ ገደማ ትነዳለህ፣ ከዚያ ትወርዳለህ፣ ውሃ ትጠጣለህ። ውሃውን አትናቀው፤ በቆዳ ልብስ ሐምሌ ላይ እንዴት እንደሚያልብ ታየዋለህ። መብራቱን በፕላስተር ትሸፍናለህ፣ መስታወቱን ታወርዳለህ። ብዙ አዘጋጆች ራዲያተሩ ውስጥ ያለው አንቲፍሪዝ (ውሃው በብርድ እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽ) ወጥቶ ንጹሕ ውሃ እንዲገባ ይጠይቃሉ፤ ያ ፈሳሽ ትራኩ ላይ ቢፈስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጥቅምት ካለፈ በኋላ መልሰህ መሙላት እንዳትረሳ። ውሃ እንደያዘ በሜሪላንድ ብርድ ካደረ ኢንጅኑ ይሰነጠቃል።

የመንገድ ኢንሹራንስህ ትራክ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ብዙውን ጊዜ አይከፍልም፤ ፖሊሲውን አንብበው። ተከራይተህም ሆነ ተውሰህ ሞተሩን በተጎታች ብትወስደው ይሻላል። ደክሞህ ከምትመለስ፣ ወይም ወድቀህ መመለሻ ከምታጣ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የምጽፈው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ57 ነው። ትራክ መውጣት እፈልጋለሁ፤ ግን ሞተር ሁሉ ይረዝምብኛል። እግሬ መሬት ካልነካ እንዴት እሆናለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ትራክ ላይ እግር መሬት የሚነካው ስትነሺና ስትቆሚ ብቻ ነው። ሁለቱም እግሮች ሙሉ በሙሉ መድረስ የለባቸውም። አንዱን በደንብ አሳርፈሽ፣ ሌላውን ፍሬኑ ላይ ማቆየት ትለምጃለሽ። ላንቺ የምመርጠው ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ነው፣ ከ2018 ወዲህ ያለው። መቀመጫው 78.5 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ክብደቱ ነዳጁን ጨምሮ 168 ኪሎ ገደማ። ከመካከለኞቹ በብዙ ይቀላል። ሲሲው ያንሳል ብለሽ አትዘኚ፤ ሰሚት ፖይንት ላይ ኩርባ ውስጥ ትላልቆቹን ሲያስጨንቅ በዓይኔ አይቻለሁ። መቀመጫውን ለማሳጠር ብለሽ የኋላ አሞርዛተሩን ግን ዝቅ እንዳታስደርጊ፤ ኩርባ ውስጥ ሞተሩን ስታጋድይ ብረቱ መሬት ይነካል፣ አያያዙም ይበላሻል። የመቀመጫውን ስፖንጅ በጎንና በጎኑ አስቀንሺው፤ ጭንሽ ይጠብና እግርሽ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ስትገዢ የትራክ ጫማሽን አድርገሽ ሂጂና ሞተሩ ላይ ተቀምጠሽ ሞክሪው።