ካምቢዮ ጉልበት ይጨምራል ወይስ ይበላል?

ጥያቄ፦ ስለ መኪና ሞተር አንድ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ መካኒክ «ካምቢዮ ጉልበት ይጨምራል» አለኝ፤ ሌላው «ካምቢዮ ጉልበት ይበላል» አለ። ሁለቱም ልምድ ያላቸው ናቸው። የትኛውን ልጻፍ? ደግሞስ ከሞተር እስከ ጎማ የሚጎድለው ጉልበት «ጠፋ» ነው «ባከነ» የሚባለው?

መልስ፦ ሁለቱም መካኒኮች ልክ ናቸው። የተቃረኑ የሚመስሉት በአንድ ቃል ሁለት ነገር ስለጠሩ ነው።

የመጀመሪያው «ጉልበት» ያለው ዘንጉን የሚጠመዝዘውን፣ በኒውተን ሜትር የሚለካውን፣ በተለምዶ «ቶርክ» የሚባለውን ነው። ሞተሩ በደቂቃ 4000 ጊዜ እየዞረ 100 ኒውተን ሜትር ቢሰጥ፣ ማርሹም ዙሩን ወደ 1000 ቢያወርደው፣ ከካምቢዮ የሚወጣው ወደ 400 ኒውተን ሜትር ይጠጋል። ዳገት ላይ አንደኛ ማርሽ «ጉልበት አለው» የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ሰው የሚያወራው ግን በአንድ ሴኮንድ ስለሚከናወነው ሥራ፣ በዋትና በፈረስ ጉልበት ስለሚለካው ነው። ይህ የጥምዘዛውና የዙሩ ፍጥነት ብዜት ስለሆነ፣ አንዱ ሲያድግ ሌላው በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ማርሽ ምንም ሊጨምርበት አይችልም። እንዲያውም ጥርስ ከጥርስ ሲፋተግ፣ ማርሾቹ በዘይት ውስጥ ሲዞሩ፣ ኩሽኔታው ሲሞቅ ይሸራረፋል። 400 ይሆን የነበረው 400 አይሞላም።

ስለዚህ በጽሑፍዎ የመጀመሪያውን «ጠምዛዥ ጉልበት»፣ ሁለተኛውን «ኃይል» ይበሉት። «የፈረስ ጉልበት» የመለኪያ ስም ሆኖ ጸንቷልና አይንኩት፤ «የሞተሩ ኃይል 150 የፈረስ ጉልበት ነው» ማለት ጆሮ አይጎረብጥም። ከጎኑ ኪሎዋቱንም ቢያስቀምጡ ደስ ይለኛል፤ የፈረስ ጉልበት ራሱ ሁለት ዓይነት ነውና። ከጄምስ ዋት የመጣው 745.7 ዋት ነው፤ የሜትሪኩ ደግሞ 75 ኪሎ በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ማንሳት ሲሆን 735.5 ዋት ነው።

ወደ ግሱ ስንመጣ «ጠፋ»ን አልመርጥም። «ሞተሩ ጠፋ» ስንል መሥራት አቆመ ማለታችን ነው፤ «የሞተሩ ኃይል ጠፋ» የሚል ያነበበ ሰው መኪናው የቆመ ይመስለዋል። በዚያ ላይ ኃይሉ ሙቀት ሆነ እንጂ የትም አልጠፋም። «ቀነሰ»ም ያሳስታል፤ ትናንት የነበረ ዛሬ የጎደለ ያስመስላል። ላረጀ ሞተር ይሆናል፤ እዚህ ግን በዘንጉና በጎማው ላይ የሚገኙት ሁለት ቁጥሮች በአንድ ቅጽበት እኩል እውነት ናቸው። «ባከነ» ውሃ ባከነ፣ ጊዜ ባከነ እንደምንለው፣ የነበረ ነገር ለታሰበለት ሳይውል መቅረቱን በትክክል ይነግራል። አንድ ቦታ ብቻ እሱም አይሠራም፦ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር የኃይሉ ከፊል ጎማዎቹንና ማርሾቹን ራሳቸውን ለማፍጠን ይውላል። ያ አልባከነም፤ በሚዞሩት አካላት ውስጥ ተከማችቷል።

ከግሱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ «የት ተለካ?» የሚለው ነው። ቦታው ያልተጠቀሰ ቁጥር ግማሽ ዐረፍተ ነገር ነው። ፋብሪካዎች የሚያወጡት በሞተሩ ዘንግ ላይ የተለካውን ነው፤ መኪናውን ጎማው በሚያዞረው የመለኪያ ከበሮ ላይ አቁሞ የሚለካ ሰው ደግሞ ጎማው ላይ የደረሰውን ያገኛል። በሞተሩ ዘንግ ላይ እንኳ አለካኩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሞተሩ የመኪናውን ጭስ ማውጫና ተጓዳኝ ዕቃዎች ሳይሸከም ይለካ ነበር። በኋላ ሁሉም ተገጥሞለት ሲለካ፣ ሞተሩ ምንም ሳይለወጥ እንኳ የሚጻፈው ቁጥር ዝቅ አለ።

«ከሞተር እስከ ጎማ 15 ከመቶ ይባክናል» የሚለውን የተለመደ አባባልም እንደ ሕግ አይጻፉት፤ መጠኑ በካምቢዮው ዓይነት፣ በዘይቱ ሙቀት፣ በፍጥነቱና በጎማው ንፋስ ይለያያል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ሞተሩ በዘንጉ ላይ 110 ኪሎዋት ኃይል ይሰጣል፤ በጎማ ላይ ሲለካ 95 ኪሎዋት ተገኝቷል፤ ልዩነቱ በካምቢዮ፣ በዲፈረንሻልና በጎማ ባክኗል።»