እንቦጭ ይዤ ጀርመን ልሂድ?

የአንባቢያን ጥያቄ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ባሕር ዳር የማቴሪያል ሳይንስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለሦስት ወር የምርምር ልውውጥ ጀርመን ያለ አንድ ላብ (ላቦራቶሪ) ተቀብሎኛል። ፕሮፌሰሩ «መሥራት የምትፈልጊውን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ላኪልኝ» አለኝ። እዚህ የምሠራው የእንቦጭ ቃጫን ፖሊስተር ሬዚን ከሚባል፣ ሲደርቅ ከሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ ጋር አዋህዶ ቦርድ ማውጣት ላይ ነው። ጓደኞቼ ግን «አረም ይዘሽ ሄደሽ እንዳታሳፍሪን፣ ስለ ባትሪ ወይ ስለ ናኖ የሆነ ነገር ጻፊ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል? ናሙናውንስ በሻንጣ ይዤው መሄድ እችላለሁ?
ግራ የገባት፣ ከፖሊ

መልስ፦ እህቴ፣ እንቦጩን ጻፊ። ጓደኞችሽ ክፉ አስበው አይደለም፣ ግን ተሳስተዋል። ባትሪ የሚሠራ ተማሪ እዚያ ሞልቷል። አንቺም ባትሪ ብለሽ ከሄድሽ ሦስቱን ወር የሌላ ሰው ብርጭቆ ስታጥቢ ልትጨርሺው ትችያለሽ። የጣናን እንቦጭ አጭዶ፣ ልጦ፣ ዘፍዝፎ የሚያውቅ ሰው ግን ለዚያ ላብ አዲስ ነው።

አደራ፣ ገጹን በለቅሶ እንዳትሞዪው። እንቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን እንዴት እንደወረረ፣ የደንቢያና የፎገራ ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ምን እንደደረሰበት ሁለት መስመር ይበቃዋል። ሰውየው የሚፈልገው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ደግሞ እጅሽ ላይ አለ። ቃጫው በኮስቲክ ሶዳ ሲዘፈዘፍ ሊግኒንና ሄሚሴሉሎስ የሚባሉት፣ ቃጫውን የሸፈኑትና ያጣበቁት ነገሮች ስለሚታጠቡ ሬዚኑን አጥብቆ ይይዛል፤ ሶዳው ሲበረታ ወይም ሰዓቱ ሲረዝም ግን ቃጫው ራሱ ይደክማል። ልኩ የት ላይ ነው? በቃ፣ ይኼን ጻፊ።

የጥንካሬ ፍተሻውን፣ ማለትም ቦርዱን በማሽን ጎትቶ መበጠሱን፣ እዚሁ ጨርሺው። እዚያ የምትሄጂው ለማየት ነው። የተበጠሰውን ቦርድ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታዪው፣ ቃጫው ሙልጭ ብሎ ወጥቶ ባዶ ቀዳዳ ብቻ ትቶ ከሆነ አልተጣበቀም ማለት ነው። ላዩ ላይ የሬዚን ቁርጥራጭ ተለጥፎበት ካገኘሽው፣ ወይም ከሬዚኑ ጋር እኩል ተበጥሶ ከሆነ፣ ተጣብቋል። በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የቃጫው ውስጥ ምን ያህል በሥርዓት እንደተደረደረ በኤክስሬይ በሚለካው ማሽን) ደግሞ፣ ኤክስሬይ አመንጪው የመዳብ ቱቦ ከሆነ፣ የሴሉሎሱን፣ ማለትም የቃጫውን ዋና አካል፣ ትልቁን ፒክ (በግራፉ ላይ የሚወጣውን ጫፍ) 22.5 ዲግሪ አካባቢ ትፈልጊያለሽ፤ ሶዳው ሥራውን ከሠራ ካልታጠበው ቃጫ ይልቅ ጎልቶ ይወጣል። የትኛውን ማሽን ለስንት ናሙና እንደምትፈልጊ ገጹ ላይ በግልጽ አስፍሪ። ማሽን ላይ ወረፋ አለ፣ ስልጠና ሳትወስጂም አያስነኩሽም፤ «እዚያ ስደርስ አየዋለሁ» ብሎ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን ወር በዚሁ ይበላዋል።

ናሙናውን እዚሁ አዘጋጅተሽ፣ ቁጥር ሰጥተሽ ጨርሺ። እንቦጭ ከመቶ ዘጠና እጁ በላይ ውሃ ስለሆነ፣ አንድ ኬሻ ሙሉ ተሸክመሽ መጥተሽ ሲደርቅ የሚተርፍሽ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በርከት አድርገሽ ሰብስቢ። ማይክሮስኮፑ የሚሠራው አየር በሌለበት ስለሆነ እርጥብ ናሙና አይወድም። በኦቨን አድርቀሽ፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ጨምረሽ፣ አየር በማያስገባ ላስቲክ አሽጊው። ቃጫ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍም ስስ የወርቅ ሽፋን ይቀባል፤ ይህን እነሱ ይሠሩልሽ እንደሆነ ከአሁኑ ጠይቂ።

ወደ ሻንጣው እንምጣ። እንቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። ተክሉንም፣ ዘሩንም፣ ሊበቅል የሚችል ማንኛውንም ክፍሉን ማስገባት ክልክል ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ስለዚህ ቀልድ አይደለም። አበባና ሥር እንዳታስጠጊ። በሶዳ የታጠበና የደረቀ ቃጫ፣ ወይም ሬዚን ውስጥ የገባ ቦርድ ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ቢሆን ላቡ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ አጣርቶ፣ የምን ናሙና እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ይላክልሽ። ስም የሌለው ዱቄት በላስቲክ ቋጥረሽ ቦሌ ላይ ከምትከራከሪ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት ብለሽ ከቆጠርሽ 92 ቀን ነው። የሼንገን አጭር ቪዛ የሚፈቅደው 90 ቀን ነው። ወይ ቀኑን አሳጥሩት፣ ወይ የረጅም ጊዜ ቪዛ ጠይቂ፤ እሱ ደግሞ ሊዘገይ ስለሚችል ቶሎ ጀምሪ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለኢራስመስ የተማሪዎች ልውውጥ አልፏል ተብሎ በቴሌግራም «የመመዝገቢያ» ብር በግለሰብ አካውንት እንድናስገባ ተጠየቅን። ጊዜው ሊያልፍ ነው እያሉ ያጣድፉናል። ልክፈል?
አባት፣ ከዘጌ

መልስ፦ አባቴ፣ እንዳይከፍሉ። ኢራስመስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የልውውጥ ፕሮግራም የሚሄድ ተማሪ ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርትም፣ የመመዝገቢያም፣ የላቦራቶሪም ክፍያ አይከፍልም። ለመድን ወይም ለተማሪዎች ማኅበር ትንሽ ገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል፤ እሱም በግለሰብ አካውንት አይደለም። የቪዛ ክፍያም ቢሆን በግለሰብ አካውንት አይገባም። ልጅዎ የማለፊያ ደብዳቤውን ይዞ የራሱ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ግንኙነት ቢሮ ይሂድና ያሳያቸው። ልውውጡ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት ስለሚካሄድ፣ እውነት ከሆነ እነሱ ያውቁታል። የሚያጣድፍዎትን ሰው ደግሞ ዝም ይበሉት።

ጥያቄ፦ ልውውጥ ሲባል ሁሌ አውሮፓ ነው እንዴ? አፍሪካ ውስጥ የለም?
የማስተርስ ተማሪ

መልስ፦ አለ ወንድሜ። ኢንትራ አፍሪካ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚሰጠው ፕሮግራም የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችን ከአንድ የአፍሪካ አገር ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ይልካል። የሚሠራው በፕሮጀክት ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የራሱ የትምህርት መስክና የራሱ የማመልከቻ ቀን አለው። መጀመሪያ መስክህን የያዘ ፕሮጀክት ፈልግ፣ ከዚያ አንተን ይቀበል እንደሆነ አስተባባሪውን በኢሜይል ጠይቅ። ትራንስክሪፕትህን ከአሁኑ አውጣ፣ ሬጅስትራር ወረፋውን ታውቀዋለህ።