አዲስ ጸሐፊን በምን እንመነው? ለጠየቀችን እህታችን

እህታችን፣ በየዓመቱ ለምታሳትሙት የግጥምና የአጭር ልቦለድ መድበል የማታውቋቸው ሰዎች ጽሑፍ እየላኩላችሁ እንደሆነ ነግረሽናል። አንዱ ታሪክ ከመጠን በላይ ስላማረ ግን አባሎቻችሁ «ይህ የራሱ ሊሆን አይችልም» ብለው ተከራክረዋል። ጥያቄሽ ሁለት ነው፤ አዲስ ጸሐፊ ከየት ይገኛል? ሲገኝስ ሥራው ወጥ መሆኑ በምን ይታወቃል? ደሴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የንባብ ምሽት ሳዘጋጅና የወጣቶችን ጽሑፍ ስመርጥ ኖሬአለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁለተኛው ልጀምር። ጽሑፍ ሲያምር መጠርጠር የለመድነው ክፉ ልማድ ነው። ከገጠር የመጣ ተማሪ፣ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ወይም የጤና ጣቢያ ነርስ ግሩም ነገር ሲያመጡ «ከየት አገኙት?» እንላለን። ያንኑ ጽሑፍ ስመ ጥር ሰው ቢያመጣው እናጨበጭባለን። ይህ ፍርድ ያናድደኛል። መጠርጠር ካለብን ምክንያቱ ከጽሑፉ ይነሣ እንጂ ከጸሐፊው ኑሮ አይነሣ።

ከጽሑፉ የሚነሣ ጥርጣሬ ምን እንደሚመስል ምሳሌ ልስጥሽ። አንድ ጊዜ ደሴ ውስጥ ተፈጸመ የተባለ የፍቅር ታሪክ ደረሰን። የሰፈሩ ስም ፒያሳ ነው፤ ቧንቧ ውኃም ተጠቅሷል። ነገር ግን ሁለቱ ወጣቶች በዘንባባ ጥላ ሥር እየተራመዱ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፊታቸውን ይዳስሳቸዋል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች የብርድና የጉም ከተማ ናት፤ ሐይቅ ማየት የፈለገ ተሳፍሮ ወደ ሐይቅ ከተማ ይሄዳል። ታሪኩ የባሕር ዳር ነበር። የተወሰደ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጋለጠው እንዲህ ነው፤ የቦታው ስም ቢቀየርም አየሩ፣ ገበያው፣ የሰዉ አነጋገር እንዳለ ይቀራል። የወረኢሉ እናት «አብሽር ልጄ» ማለት በሚገባት ቦታ ላይ የሌላ አገር ሰው ሆና ስትናገር ጆሮሽ ይነግርሻል።

ኢንተርኔት ላይ መፈለግም ይረዳል፤ ሞክሼ ፊደሎቻችን ግን ፍለጋውን ያሰናክላሉ። ኮምፒውተር ሰን ከሠ፣ ሀን ከሐና ከኀ፣ ጸን ከፀ የሚያየው እንደ ተለያየ ፊደል ነው። «ፀሐይ» ብለሽ የምትፈልጊው ዐረፍተ ነገር «ጸሀይ» ተብሎ ተለጥፎ ከሆነ ሊያመልጥሽ ይችላል። ስለዚህ ከመግቢያው ሳይሆን ከጽሑፉ መካከል፣ ሞክሼ ፊደል የሌለባቸውን አራት አምስት ተከታታይ ቃላት ምረጪና በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገሽ ፈልጊ። እንዲህ ያሉ ቃላት ካላገኘሽ በሁለቱም አጻጻፍ ሞክሪ። ካልተገኘ ደግሞ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በመነንና በየካቲት መጽሔቶች ላይ የወጡ ብዙ ሥራዎች ከወረቀት አልወጡም። ለዚህ ከማንኛውም መሣሪያ የሚበልጠው ብዙ ያነበበ አዛውንት ነው። በእናንተ ከተማም ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር አይጠፋም፤ ፈልጉትና አክብራችሁ አስነብቡት።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ ጽሑፎችም መምጣት ጀምረዋል። እኔ ያየኋቸው ይመሳሰላሉ። ተራራው ስም የለውም፣ ገበያው የሚውልበት ቀን የለውም፣ እናትየዋ ታዝናለች እንጂ አትቆጣም፣ መጨረሻው ምክር ነው። ቢሆንም እንዲህ ብሎ የሚጽፍ እውነተኛ ጀማሪም አለና በዚህ ምልክት ብቻ ሰውን አትክሰሱ። «ይህን ያህል በመቶው የማሽን ነው» የሚሉ መመርመሪያዎችንም ለፍርድ አልጠቀምባቸውም። በአንድ ቁጥር ምክንያት የአንድን ልጅ ስም ማጥፋት ከባድ ነገር ነው።

ታዲያ በምን እንመን? እኔ መልሱን ያገኘሁት ከቅኔ ቤት ነው። ከጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ ጋር በቅኔ ስሟ የሚነሣው ዋድላ የእኛው የወሎ ናት። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፣ የቆጠረውን መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። በማግሥቱ ሌላ አዲስ ይጠበቅበታል፤ የትናንቱን ይዞ መምጣት አይቻልም። መምህሩ የተማሪውን እጅ የሚያውቀው ሲሠራ ስለሚያየው፣ ሲሳሳትም ስለሚያርመው ነው። በአንድ ድንቅ ሥራ ብቻ ማንንም አያውቅም፣ ማንንም አያባርርም።

እኛም ይህንኑ ያዝን። ጽሑፉ ደስ ያሰኘንን ሰው ሁለተኛ ሥራ እንጠይቀዋለን፤ ከዚያ ቡና ላይ ተቀምጠን ስለ መጀመሪያው እንነጋገራለን። የምንጠይቀው እንደ መርማሪ አይደለም። ምን ቆርጠህ ጣልክ? መጀመሪያ ከየት ነበር የሚነሣው? ይህች ሴት ገበያውን ትታ ስትሄድ ወዴት ነው የሄደችው? ከባቲ የመጣ አንድ ወጣት ስለ ሰኞ ገበያው የጻፈው ታሪክ ሁላችንንም አስደንግጦን ነበር፤ አንዳንዱ አባል አላመነም። ልጁ ሲመጣ ዓይን አፋር ነው፣ ድምፁ አይሰማም። ስለ ግመል ደላላው ስንጠይቀው ግን ቀና አለ። ደላላው በመጀመሪያ ዋናው ገጸ ባሕርይ እንደነበረ፣ ብዙ ሲያወራበት ሻጩን አፋር ስለሸፈነበት ወደ ዳር እንደገፋው፣ አሁንም ስለ እሱ ሌላ ታሪክ እንደሚያስብ ነገረን። የሠራው ሰው ብቻ ነው የጣለውን የሚያውቅ። ከዚያች ቀን በኋላ ያንን ልጅ የጠረጠረው የለም።

ወሎ ውስጥ ጠንቀቅ የሚያሰኝ ሌላ ነገርም አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉትን ቅኝቶች እያዳመጠ ያደገ ልጅ ጭንቅላቱ በሕዝብ ግጥም የተሞላ ነው። ግጥም ሲጽፍ ከአያቱ የሰማት ስንኝ ሳታስፈቅደው ትገባለች። ይህንን ስርቆት ብዬ አልጠራውም፤ ግን ስንኟ የሕዝብ መሆኗ ከግርጌ ይጻፍ፣ ልጁም ይህን ሲደረግ አይቶ ይማር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ወጥ የሆነንና የተቀረጸን ሥራ ያለ ምዝገባ የሚጠብቀው አገላለጹን ነው፤ ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ የለውም። ስለዚህ ሁለት ልጆች የ1977ቱን ድርቅ ከአያቶቻቸው ሰምተው ተቀራራቢ ታሪክ ቢጽፉ አንዱ ከሌላው ወሰደ አትበሉ። በዚያ ዘመን የብዙ ቤት ታሪክ አንድ ዓይነት ነበር። ስለ 2014ቱ ጦርነት የሚጽፉትን ግን በእውን የሆነ ነገር ነው ወይስ ልቦለድ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከርእሱ ሥር አትሙት። የሞተባቸው ሰዎች ያነቡታል።

ከየት ይገኛሉ ላልሽው፣ ማስታወቂያ ብቻውን የሚያመጣው ራሱን ጸሐፊ ብሎ የሚጠራውን ነው። እኔ የምጓጓለት ራሱን ገና እንዲያ ያልጠራውን ነው። ወሎ እነ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር በአማርኛ መንዙማ የደረሱበት፣ ዑለማዎቹም ያንን በዐረብኛ ፊደል የጻፉበት አገር ነው፤ ዛሬም በየመድረሳው ስንኝ የሚቋጥር ደረሳ አለ። ለቅሶ ቤት ሄደሽ ሙሾ የምታወርደውን ሴት ስሚ። ሟቹን በሁለት ስንኝ ከነጠባዩ ታቆመዋለች። መጻፍ የማትችል ከሆነ ልጇ ይጻፍላት፤ ስሟ ግን በራሷ ሥራ ላይ ይውጣ። ከእንደዚህ ያሉ ሰዎች ዘንድ የመጣውን ጽሑፍ ስታርሚ አደራ፣ እንደ ጋዜጣ አታለስልሺው። የፊደል ግድፈቱን አስተካክዪ፣ አነጋገሩን ተዪለት። ሁሉም ጽሑፍ በአንድ አርታዒ እጅ አንድ ከሆነ በኋላ ማን ምን እንደጻፈ መለየት አይቻልም።

አሁን ወደ ያ የተጨቃጨቃችሁበት ታሪክ ልምጣ። ጸሐፊውን በስልክ ሳይሆን በአካል ጋብዙት፤ ከሩቅ ከሆነ የመኪናውን ክፈሉለት። ጭቅጭቁን አትንገሩት። ሁለተኛ ሥራውን ይዞ ይምጣ፣ ከአባሎቻችሁ ሁለቱ ብቻ አብረውት ይቀመጡ፣ አንደኛው የተጠራጠረው ሰው ይሁን። ካመናችሁት በዘንድሮው መድበል አትሙለት። ካላመናችሁት ጽሑፉን በምስጢር መልሱለትና ሌላ እንዲጽፍ ጊዜ ስጡት፤ ስሙን በአደባባይ አታንሡ። የማተሚያ ቤቱ ቀን ካልደረሰ በዚህ ወር ልትጨርሱት ትችላላችሁ።