መልስ፦ ለብሎኬት ትዕዛዝ ትንሽ ላይብረሪ ይበቃል

ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ላለው የብሎኬት ማምረቻዎ በአማርኛ የሚላኩትን የትዕዛዝ መልእክቶች በቋንቋ ሞዴል (ጽሑፍ አንብቦ በጽሑፍ በሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) ወደ ሠንጠረዥ ለመቀየር ትልቅ ፍሬምወርክ (ሙሉ የፕሮግራም ማዕቀፍ) ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት አያስፈልግም።

እንደ ኢንስትራክተር ያለው የፓይዘን ላይብረሪ (በፓይዘን የፕሮግራም ቋንቋ ተዘጋጅቶ የሚወሰድ ኮድ) መነሻ ሐሳብ፣ የሚፈልጉትን መልስ ቅርጽ በፓይዳንቲክ ክላስ (የመረጃውን መስኮችና ዓይነታቸውን ዘርዝሮ በሚፈትሽ የፓይዘን ኮድ) አንድ ጊዜ ጽፈው፣ ያው ክላስ ለሞዴሉ መመሪያም ለተመለሰው መልስ መፈተሻም እንዲሆን ማድረግ ነው። መልሱ ቅርጹን ካልጠበቀ፣ የስህተቱ መልእክት ራሱ ወደ ሞዴሉ ተመልሶ እንዲያርም ይጠየቃል። የቀረው ተራ ፓይዘን ስለሆነ፣ ነገ ላይብረሪውን ቢተዉት እንኳ ክላሶችዎ አይጠፉም፤ ከሁሉ በላይ የምወድለት ይህንን ነው።

የቻትጂፒቲ ሠሪው ኦፕንኤአይ በ2024 እ.ኤ.አ. ሞዴሉ ከተሰጠው የጄሰን ስኪማ (የመልሱን መስኮች ከሚወስን የቅርጽ መግለጫ) እንዳይወጣ የሚያስገድድ አሠራር አቅርቧል። ይሁን እንጂ ቅርጹ ትክክል ሆነ ማለት ይዘቱ እውነት ነው ማለት አይደለም። «ባለ 20 ብሎኬት 500፣ ጳጉሜን 3፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚል ትዕዛዝ ሲመጣ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲመልስ ከጠየቁት፣ ሞዴሉ በግምት ሊለውጠው፣ ጠዋት 3 ሰዓትንም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊያደርገው ይችላል፤ ፍተሻውም ያለ ተቃውሞ ያልፋል። ስለዚህ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን እንደተጻፉ በየራሳቸው መስክ ተቀብለው ልወጣውን በራስዎ ኮድ ይሥሩ። ውፍረቱን ግን ከ10፣ ከ15 እና ከ20 ሴንቲ ሜትር እንዳይወጣ ይገድቡት፤ ካልተጠቀሰም ባዶ እንዲቀር ይፍቀዱ፣ አለዚያ ሞዴሉ ከራሱ ፈጥሮ ይሞላዋል።