የዬል «ዓሣ ነባሪ» ጀርባው ለምን ጎበጠ?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ የአይስ ሆኪ መጫወቻ አዳራሽ «ዓሣ ነባሪው» እየተባለ እንደሚጠራ ሰማሁ፤ ፎቶግራፉን ስመለከትም ጣሪያው በእርግጥ የዓሣ ነባሪ ጀርባ ይመስላል። ቅርጹ ለውበት ብቻ የተመረጠ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ታሪኩንስ ብታብራሩልኝ?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ይህ ሕንፃ በኮኔክቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ የሚገኘው ኢንገልስ ሪንክ ነው። የተገነባው እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1958 ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው በየዘመናቸው የዩኒቨርሲቲው የሆኪ ቡድን አምበል ከነበሩት አባትና ልጅ፣ ከዴቪድ ኢንገልስና የአባቱን ስም ከያዘው ልጃቸው ነው። ንድፉን ያወጡት በፊንላንድ የተወለዱትና ራሳቸውም በዬል ሥነ ሕንፃን ያጠኑት ኢሮ ሳሪነን ናቸው።

ቅርጹ ውብ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም የመጣው ከችግር ነው። በሆኪ ጨዋታ ትንሿ ጥቁር ዲስክ በበረዶው ላይ እጅግ በፍጥነት ስለምትንሸራተት፣ በተመልካችና በሜዳው መካከል አንድ ዓምድ እንኳ ቢቆም ጨዋታውን መከታተል አዳጋች ይሆናል። ስለዚህ ሳሪነን ከመሐንዲሱ ከፍሬድ ሰቨሩድ ጋር ሆነው በሜዳው ቁመት አንድ ግዙፍ የአርማታ ቅስት ዘረጉ። ከዚህ ቅስት ግራና ቀኝ የብረት ገመዶች ወርደው ከጎባጣዎቹ የዙሪያ ግድግዳዎች ጋር ታሰሩ፤ በገመዶቹም ላይ የጣውላ ጣሪያ ተነጠፈ። ነገሩ ከድንኳን ጋር ይቀራረባል፦ ቅስቱ እንደ አከርካሪ ሸክሙን ይይዛል፣ ገመዶቹም እየረገቡ ወደ ጎን ይወርዳሉ። 23 ሜትር ከፍታ ካለው ጣሪያ ሥር 3,500 ያህል ተመልካቾች ዓምድ ሳይጋርዳቸው ይቀመጣሉ። ሕዝቡ «ዓሣ ነባሪ» ያለው የጎበጠውን ጀርባ አይቶ ነው፤ እኛ ግን ከውጭው ይልቅ ከውስጥ ቀና ሲሉ የሚታየው የጣውላው ወራጅ መስመር የበለጠ የሚያስደንቅ ይመስለናል።

ወጪው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ከመጀመሪያው ግምት በእጥፍ በልጧል። በሜይ 1970 መጀመሪያ ደግሞ፣ ለጥቁር አሜሪካውያን መብት ይታገል በነበረው በብላክ ፓንተር ፓርቲ አባላት ላይ ከተመሠረተው ክስ ጋር በተያያዘ በከተማዋ ታላቅ የተቃውሞ ሰልፍ በተካሄደበት ወቅት፣ በአዳራሹ ውስጥ ፈንጂ ፈንድቶ ነበር።

ከአምሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ ለቡድኖቹ ተጨማሪ ቦታ ባስፈለገ ጊዜ ሥራው የተሰጠው በወጣትነታቸው ከሳሪነን ጋር ይሠሩ ለነበሩት ለኬቨን ሮች ድርጅት ነው። ከጎን ቢቀጠል የአዳራሹ ቅርጽ ይበላሽ ስለነበር፣ አዲሱ ክፍል ከመሬት በታች ተሠራ። በፎቶግራፉ ላይ ያዩት የጎበጠ ጀርባ ዛሬም በሳሪነን መስመር ላይ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው።