የአፋር በረሃና ሰዎቹ በመጽሐፍና በፊልም

ጥያቄ፦ ውድ የዝግጅት ክፍል፣ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የማገኛቸው አፋሮች በዋጋ የሚከራከሩ፣ የሚቀልዱ፣ የቤተሰብ ወግ የሚያወጉ ሰዎች ናቸው። ስለ ዳሎልና አካባቢው የተሠሩ ፊልሞችን ስመለከት ግን የሚታየኝ ሰው አልባ ሲኦል ነው። ይህ አመለካከት ከየት መጣ? የትኛውን ባነብ፣ የትኛውንስ ባይ ይሻላል?

መልስ፦ አመለካከቱ ከፊልም ይቀድማል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1886 ከታጁራ ተነሣና የአፋርን በረሃ አቋርጦ በየካቲት 1887 አንኮበር ገባ፤ በዚያው ዓመት ለአንድ የካይሮ ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤም መንገዱን በጨረቃ ምድር መስሎታል። ንግዱ ካከሰረው ሰው የበረሃ ውዳሴ መጠበቅ ግን የሚገባ አይመስለኝም። በ1928 በረሃውን ከደቡብ ወደ ሰሜን ያቋረጠው የማዕድን መሐንዲስ ኔስቢት የጻፈው መጽሐፍ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የታተመው አገሩን የፍጥረት ሁሉ ሲኦል በሚያሰኝ ርዕስ ነበር። እርስዎ የጠቀሱት ቃል እንግዲህ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ከወጣ ቆይቷል። ሁለቱም አላፊ መንገደኞች ስለነበሩ የጻፉት በአብዛኛው ስለ ራሳቸው ጥምና ድካም ነው።

ለንባብ የምመርጥልዎ አዲስ አበባ የተወለደውን እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲገርን ነው። በ1933፣ በ23 ዓመቱ፣ አዋሽ የት ገብቶ እንደሚቀር ለማወቅ ጉዞ ጀመረ፤ ወንዙን ተከትሎ አቤ ሐይቅ የደረሰው ግን የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ስለፈቀዱለት ነው። በ1996 በታተመው የጉዞ ማስታወሻው ውስጥ አፋሮች የሚፈቅዱና የሚከለክሉ የአገር ባለቤቶች ሆነው ይታያሉ። ስለ ግዳይና ስለ ሰለባ ከመጠን በላይ ማውራቱን ግን በጥንቃቄ ያንብቡት።

በፊልም በኩል ቨርነር ሄርዞግ በ2016 ባወጣው የእሳተ ገሞራ ዘጋቢ ፊልም ወደ አፋር ዘልቋል፤ እዚያ ይበልጥ የሳበው ግን የቅሪተ አካል ፍለጋው ነው። እኔ የጨው ሠራተኞቹን ቀኑን ሙሉ የሚከተሉትን ዘጋቢ ፊልሞች አስቀድማለሁ፤ ጨዉን በእንጨት ፈንቅሎ የሚያነሣው ሌላ፣ ጠርቦ አሞሌ የሚያደርገው ሌላ፣ በግመል የሚጭነውም ሌላ መሆኑን፣ ሥራው የራሱ ባለሙያና የራሱ ሥርዐት እንዳለው የሚያሳዩት እነዚህ ናቸውና። ሠራተኛው በአፋርኛ ሲናገር ድምፁን በተራኪ ድምፅ የሚሸፍኑትን ይለፏቸው።