ሥራውን ሰፈሩ ይምረጥላችሁ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ደሴ ውስጥ መንገድና የውሃ መውረጃ ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ ነኝ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁት፣ ለበጎ ፈቃድ ስትወጡ ሳይ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ የምትሠሩትን ግቢ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አትወስኑ። ሰፈሩን ጠይቁ።

ማንን ትሉኝ ይሆናል። የቅሬ፣ የእኛ የወሎ እድር ማለት ነው፣ አባቶችን ነዋ! ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሐዘኑን አብሮ የሚወጣው በቅሬ ነው። የማን ቤት እንደዘመመ፣ የትኛዋ እናት ጧሪ እንደሌላት እነሱ ያውቃሉ። ውሃው የማን ጓሮ እንደሚገባም እንደዚሁ።

እስቲ ስለ ውሃው ላውራ፤ የማውቀው እሱን ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ናት። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ከላይ ተንደርድሮ ይመጣል፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና የተሸከመውን አፈርና ድንጋይ እዚያው ይጥላል። ዲቹ፣ የውሃ መውረጃው ቦይ፣ የሚደፈነው እዚህ ጋ ነው። ፌስታልና ሃይላንድ ሲጨመርበት በቃ፣ ውሃው መንገዱን ትቶ ሰው ቤት ይገባል። ስለዚህ ስትጠርጉ ከታች፣ ከመውጫው ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ላይኛውን ቀድማችሁ ከከፈታችሁ ጎርፉን ታች ላሉት ሰዎች ላካችሁባቸው ማለት ነው። ያወጣችሁትን ደለል ደግሞ ዳር ላይ ከምራችሁ አትሂዱ። የሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። የሚያነሳ መኪና ወይም ጋሪ ሳይገኝ አካፋ አታንሱ።

ጊዜውም አለ። የበልጉ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው መሠራት ያለበት። ፈተና እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም የግንቦት አንድ ቅዳሜ ከሐምሌ ሙሉ ሳምንት ይበልጣል። ኮምቦልቻ ያላችሁት ደግሞ የደሴ ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። የቦርከና ወንዝ ከደሴ ወደ እናንተው ነው የሚወርደው፣ ፌስታሉንም ይዞ።

ችግኝ ትተክላላችሁ፣ ጥሩ ነው። ጥር ላይ ማን ያጠጣዋል? ከብትስ ማን ይከለክልለታል? መልስ ከሌላችሁ ትንሽ ትከሉ።

ልጆች ካስጠናችሁ ቀሪ አትሁኑ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በህብረት የዘመቱት ተማሪዎች ግዴታ ስለነበረባቸው እንደፈለጉ መቅረት አልነበረም። እናንተን ማንም አያስገድዳችሁም፤ ለመቅረት ስለሚቀል ነው የምጨነቀው። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ደብተሩን ይዞ መጥቶ አስጠኚ ካጣ፣ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል። ካልተመቻችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ሌላ ሰው ተኩ።

ፎቶ ተነሱ፣ ወጣት ናችሁ፣ አልቃወምም። ባለቤቱን ሳትጠይቁ የሰው ጎጆ ውስጥ ገብታችሁ ግን አይሆንም።

ደግሞ ዲች ውስጥ ጠርሙስ ስባሪና መርፌ አይጠፋም። ስፖንሰር ካገኛችሁ ቲሸርቱ ይቅርና ቦቲና ጓንት ጠይቁ።